ገላ ያልተማከረበት ሽቶ

በብልቃጥ አፍ ላይ ጨዋ ያልሆነ ሽቶ አላጋጠመኝም። ክዳኑ ሲነሳ ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም የተመረቀ ነው። አመሉ የሚወጣው ገላ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ስለዚህ ሽቶ ቤት ገብተው፣ አንድ ጊዜ ብልቃጡን አሽትተው፣ «ይሄን ስጠኝ» ብለው ሒሳብ ከፍለው የሚወጡ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር ድፍረታቸው ያስቀናኛል። እኔ ጫማ እንኳ ሳልሞክር አልገዛም፤ ጫማ ደግሞ ቢጠብ የሚጎዳው እኔን ብቻ ነው።

የማወራው ስለ ዘይት ሽቶ ነው። ፍስስ የሚደረገው የአልኮል ሽቶ ሌላ ጉዳይ ነው። አልኮል ችኩል ስለሆነ ገላ ሲነካ ብን ይላል፤ ሲተን ሽታውንም አንጠልጥሎ ስለሚነሳ ባለቤቱ ገና ደጅ ሳለ ሽቶው ሳሎን ገብቶ ይቀመጣል። ዘይት እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። በጠብታ ይቀባል፣ ቆዳ ላይ ተኝቶ የገላን ሙቀት ይጠብቃል፣ ሲሞቀው ቀስ እያለ ይወጣል። የተቀባውን ሰው ለማሽተት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ይሄ ሌላ አገር የምስጢር ሽቶ ያሰኘው ይሆናል፤ በሚኒባስ ለሚመላለስ የአዲስ አበባ ሰው ግን የማይጠጋው ማን አለ? ረዳቱ ቀኑን ሙሉ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል የሚውልበት ከተማ ነው።

ዘይት የምገዛው መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ አካባቢ ነው። አንዋርና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ስለሆኑ አፍንጫ ላለው ሰው ከመርካቶ ሁሉ ይሄ ሰፈር ይበልጥበታል። ከወዲያ ዕጣን፣ ከርቤ፣ ጧፍ፤ ከወዲህ ኡድ፣ ሚስክ፣ ሰንደል፣ ጽጌረዳ። የሁለቱ ወገን ሽታ መንገዱ መሃል ሲገናኝ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። በቆሎ ጠባሿ ካለች ደግሞ ሁለቱንም ታሸንፋለች።

ሐጂ (ስማቸውን የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም) ሱቃቸው ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ነው። አሠራራቸውን ማየት ብቻውን የታክሲ ሒሳብ ያወጣል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከትልቁ ጠርሙስ ዘይቱን ይስቡና ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው በጥፍራቸው ቀጭ ቀጭ ያደርጉታል። አረፋው ሲወጣ ባለ ሦስት ሚሊዋ ብልቃጥ ውስጥ ቀስ አድርገው ይጨምቁታል፤ የምትሽከረከረውን ኳስ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ይገጥማሉ። ጣታቸው ላይ የቀረችውን ዘይት ጢማቸው ላይ ያብሷታል። በዚህ ዓይነት ስንት ዘመን የኖረ ጢም የሱቁ ሙሉ ዝርዝር ነው። ጎንበስ ብለው «ይሄንስ እንዴት አየኸው?» ሲሉኝ የማሸተው ብልቃጡን ይሁን ሐጂን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። የድሮ ደንበኞቻቸው ዛሬም በቶላ ይጠይቋቸዋል፤ ከህንድ የመጣ ሚዛን ነው፣ 11.66 ግራም ገደማ። የእኔ ኪስ የሚያውቀው ሚሊን ነው።

«ለራስህ ነው ለሰው?» ይላሉ መጀመሪያ።

«ለራሴ ነው፣ ሐጂ።»

«እሱማ የምትቀባው አንተ ነህ። አንተ እንድታሸተው ነው ወይስ ሰው እንዲያሸትህ?»

የሻጭ ቀልድ ይመስላል። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ለመረዳት ግን ኡድ ተቀብቶ ታክሲ መሳፈር በቂ ነው።

ኡድ የበሽታ ትሩፋት ነው። በህንድ ሰሜን ምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚበቅለው አኩዊላሪያ የሚባለው ዛፍ ጤነኛ ሳለ እንጨቱ ነጣ ያለ፣ ይህ ነው የሚባል ሽታ የሌለው ነው። ሲቆስልና ቁስሉን ፈንገስ ሲይዘው ራሱን ለመከላከል ጠቆር ያለ ሙጫ ያመነጫል። ያ ሙጫ የሰረገበት እንጨት ፍም ላይ ሲደረግ ቤት ያውዳል፤ ተቀቅሎ እንፋሎቱ ሲጠራቀም ደግሞ ዘይት ይወጣዋል። ጤነኛው ዛፍ ከማገዶ አይሻልም፣ የታመመው ከወርቅ ጋር ዋጋ ይነጋገራል። ዛፉ እየተመናመነ ስለሄደ ዛሬ ድንበር የሚሻገረው በፈቃድ ነው፤ በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው «ኡድ» ላቦራቶሪ ውስጥ የተቀመመ ነው። ሐጂ ይህን አይደብቁም። ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ «ይሄ ኡድ ነው፤ ያኛው የኡድ ወሬ ነው» አሉኝ። ዋጋቸውን ስሰማ ወሬውን ልገዛ ነበር፤ ጠብታ መሞከር ግን በነፃ ነውና እውነተኛውን በመስተዋት ዘንግ አንጓዬ ላይ ነካ አደረጉልኝ። ሁለቱን አንጓዎች ላፋትግ ስል «ተው፣ አትሽው! በራሱ ጊዜ ይሙቅ» ብለው እጄን ያዙ።

መጀመሪያ የመጣው ጋጣ ነው። ነገር ማሳመሬ አይደለም፤ እርጥብ ቁርበት፣ ድርቆሽና አንድ የታሰረ በሬ። የህንዱ ኡድ ጠባይ ነው ይላሉ ሐጂ። እንጨቱ ከመቀቀሉ በፊት ውኃ ውስጥ ሰንብቶ ይብላላል፣ በሬውን የሚያመጣው ያ መብላላት ነው። «ታገሠው» ብለው ሸኙኝ። እኔ ልታገሠው እችላለሁ፤ ከመርካቶ ወደ መገናኛ የሚሄደው ሚኒባስ ግን ይህን ምክር አልሰማም። የፋሲካ ሰሞን ነበር። ረዳቱ በሩን እንደዘጋ አየሩን ሁለት ጊዜ ሳብ አደረገና፣ «በግ የጫነ ካለ ሒሳብ አለው፣ እሺ!» አለ። አጠገቤ የነበሩት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው እግራቸውን ሰበሰቡ። ሁሉም ሰው ጎንበስ ብሎ ወንበር ሥር ሲፈልግ እኔም ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ።

አራት ኪሎ ስንደርስ በሬው ወጥቶ ቁርበቱ ብቻ ቀረ። መገናኛ ላይ ጭስ ጭስ ማለት ጀመረ። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ኮቴን ልትቀበለኝ ጠጋ ብላ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ? ደስ የሚል ነገር ትሸታለህ» አለችኝ። አንጓዬን አሸተትኩት፤ ጣፋጭ እንጨት፣ ትንሽ ከርቤ የሚመስል ምሬት፣ ከሥሩ ደግሞ አንዳች ሞቅ ያለ ነገር። የሚኒባሱ ሰዎች እስከ ማታ ቢታገሡኝ ኖሮ ስለ እኔ የሚኖራቸው አስተያየት ሌላ ነበር።

ታናሽ እህቴ ጂዳ ሠርታ የተመለሰች ሰሞን ሻንጣዋ በብልቃጥ የተሞላ ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ ክንድህን አምጣ» ማለት ሥራዋ ሆነ። ያንኑ የህንድ ኡድ እሷ ክንድ ላይ ስናደርገው በሬው ጨርሶ አልመጣም፤ ዘሎ ማርና ቴምር ላይ አረፈ። ከአንድ እናት የተወለድን፣ አንድ ወጥ የምንበላ ሰዎች ነን። ልዩነቱ የቆዳ ነው። ወዛም ቆዳ ዘይቱን አቅፎ ያቆየዋል፤ ደረቅ ቆዳ ላይ ቶሎ ይጠፋል። ሙቅ ገላ ያፈጥነዋል፣ ቀዝቃዛ ገላ ያዘገየዋል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ላብ፣ የራሱ ጠረን፣ ጠዋት የታጠበበት ሳሙና አለ። ሽቶው የሚጨመረው በዚያ ሁሉ ላይ ነው። እህቴ ደረቅ ክንድ ላይ መጀመሪያ ቫዝሊን በስሱ መቀባት ትመክራለች፤ ከአለቆቿ ቤት የተማረችው ነው፣ ይሠራልም።

የሽቶ ሊቃውንት አንድ ሽቶ በደረጃ እንደሚወጣ ያስተምራሉ። ለእኛ በቡና ማስረዳት ይቀላል። የሎሚና የብርቱካን ሽታ ቅንጣቶቹ ቀላል ስለሆኑ አቦል ሳይቀዳ ይሄዳሉ። ጽጌረዳና ያስሚን እስከ በረካ ይጫወታሉ። ሰንደል፣ ሚስክና ኡድ ግን ሲኒው ታጥቦ፣ ረከቦቱ ተነስቶ፣ እንግዳው ሄዶም አይነሱም። ሱቅ ውስጥ ቆመን የምናሸተው እንግዲህ ከአቦል በፊት ያለውን ነው፤ የምንኖረው ደግሞ ከበረካ በኋላ ካለው ጋር።

ስለ ነጭ ሚስክ መናገር ይከብደኛል፣ ምክንያቱም አይሸተኝም። እህቴ አንጓዬ ላይ ቀባችው፤ ምንም። ደገመችው፤ ምንም። ሌላኛው እጄ ላይ ጨመረችልኝ፤ ውኃ ነው አልኳት። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ወጥታ፣ «ማነው የታጠበ ልብስ ሳሎን ያሰጣው?» አለች። የድሮው ሚስክ በሂማላያና በመካከለኛው እስያ ተራሮች ከሚኖር የዱር እንስሳ እጢ የሚወጣ ነበር፤ እንስሳው ሊጠፋ ስለደረሰ ዛሬ የሚሸጠው ሁሉ ማለት ይቻላል በኬሚስት የተሠራ ነው፣ ልብስ ማጠቢያ ውስጥም በብዛት ይገባል። በዚያ ላይ አንዳንድ አፍንጫ አንዱን የሚስክ ዓይነት ጨርሶ አያየውም፤ አንተ የማይሸትህን ጎረቤትህ ያሸተዋል፣ እሱ የማይሸተውን አንተ። በዚህ ምክንያት ሚስክ ለሚቀቡ ሰዎች ምሕረት አደርጋለሁ። ሰውዬው አንገቱን እስኪያብረቀርቅ የሚለቀልቀው ሊበድለን ፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ ውኃ መስሎት ነው።

ሚስክ የሚሸተውም ሰው ቢሆን ከዚህ ችግር አያመልጥም። አፍንጫ አዲስ ነገር ካልመጣለት ብዙም ሳይቆይ ያለውን ማሽተት ይተዋል። ባለሽቶው «ጠፋብኝ» ብሎ ይጨምራል፣ ሊፍት ውስጥ አብሮት የገባው ሰው ደግሞ ፎቁን በእግሩ ለመውጣት ይወስናል። ውድ ሽቶ ቤቶች ለዚህ መድኃኒት ብለው የቡና ፍሬ በብርጭቆ ያስቀምጣሉ። ቡና አሽትት፣ አፍንጫህ ይታደሳል። በእጣን ጢስ መሃል ቡና ሲጠጣ ላደገ ሕዝብ ይሄ አይነገርም! ቡና ለእኛ አፍንጫ ማረፊያ ሳይሆን ሌላ ሥራ ነው። የክርን እጥፋትን፣ ሽቶ ያልነካውን የራስን ገላ ማሽተት ያንኑ ያህል ይጠቅማል፣ በነፃም ነው።

ጽጌረዳን በአጭሩ ላሳልፈው፤ አልተስማማንም። የጣይፉ ጽጌረዳ በሳዑዲ ደጋ ላይ ጎሕ ሲቀድ፣ ፀሐይ ዘይቱን ሳታባርረው የሚለቀም ነው፤ ለአንድ ቶላ ከ10,000 በላይ አበባ ይፈልጋል ይባላል። የእኛ አገር የዝዋይና የሆለታ ጽጌረዳ ወደ አውሮፓ በአውሮፕላን የሚሄደው ለሌላ ሙያ ነው። ዘሩ የተመረጠው ግንዱ እንዲረዝምና ማስቀመጫ ውስጥ እንዲሰነብት ስለሆነ ሽታውን መንገድ ላይ ጥሎታል። ለጣይፉ ክብር ቢኖረኝም እኔ ገላ ላይ አርጅቶ ነው የሚወለደው። ተቀብቼ እናቴ ቤት ስገባ እማዬ ከማዕድ ቤት ሆና፣ «እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ፣ ግቢ!» ብላ አክስቴን ተቀበለች።

አሁን ወደ ዝባድ ልምጣ። ስለ ሽቶ ተወርቶ ዝባድ ካልተነሳ ለኢትዮጵያዊ ነውር ነው፤ ለረጅም ዘመን የዓለምን ሽቶ ፋብሪካዎች በዝባድ የመገበችው በዋነኛነት የእኛው አገር ናት። በጅማ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ ገጠሮች ወንዱ ጥርኝ በእንጨት ቀፎ ውስጥ እየተቀለበ፣ ከጅራቱ ሥር ካለው እጢ በየተወሰነ ቀን እየተፋቀ፣ ዝባዱ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር፤ ጨርሶም አልቆመም። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። አርቢው ባዕድ ዓይን ጥርኙን እንዲያይበት አይወድም፤ ዓይን ካረፈበት ይነጥፋል ይባላል።

አንድ የሊሙ ወዳጄ ከአባቱ ቤት ሲመጣ በላስቲክ ቁራጭ የተጠቀለለች፣ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ዝባድ አመጣልኝ። መልኳ ቢጫማ፣ የቆየ ቅቤ ነገር ናት። ላስቲኩን እንደፈታሁ ከጎረቤት ሕፃን አለቀሰ። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ያልተበረዘ ዝባድ ሽንት ቤት ነው፣ ከዚያም ላብ ነው፣ ከዚያም ሽንት ቤቱ ይመለሳል። ለእውቀት ስል በክብሪት ጫፍ ክንዴ ላይ ነካ አደረግሁ። ባለቤቴ ያን ለት በሬን ሳይሆን እኔን ነው ደጅ ያሰረችው፤ እራቴን በረንዳ ላይ በላሁ። ሳሙና፣ ሎሚ፣ እንዶድ፣ ሁሉም ተሞከረ። ዝባድ የሚፈለገውም ለዚህ ነው፤ አይለቅም። ሌላውን ሽታ ይዞ ያቆያል።

ተአምሩ ያለው በማሳነሱ ላይ ነው። የቀረችውን ሰንደል ዘይት ውስጥ ጨምሬ፣ ብልቃጡን ዘግቼ ቁም ሣጥን ጥግ ረሳሁት። ቆይቶ ስከፍተው ሽንት ቤቱ የት እንደገባ እንጃ፤ ሰንደሉ ሥጋ ለብሷል። ቀድሞ ደረቅና ሥርዓተኛ የነበረው እንጨት ሞቅ አለ፣ አበባ አበባ አለ፣ ሰው ሰው ሸተተ። አንገቴ ላይ ስቀባው የመጣው ሽታ «ሽቶ ተቀብቷል» አያሰኝም፤ «ንጹሕ ሰው ነው፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነው የመጣው» ያሰኛል።

ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባድን ሽታ ምንነት ሲፈታ 17 ካርቦኖች በአንድ ቀለበት ተያይዘው አገኘ። በዘመኑ ያን ያህል ሰፊ ቀለበት ይጸናል ብሎ የሚያስብ አልነበረም፤ ይህና ሌሎች ሥራዎቹ ተደምረው በ1939 የኖቤል ሽልማት አስገኝተውለታል። ዛሬ ብዙው ፋብሪካ ቀለበቱን ራሱ ይሠራል፤ ለጥርኙ እሰይ ያሰኛል። የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ስለ ቀፎው ጥበትና ስለ አፋፋቁ የሚያነሱት ወቀሳ እውነት አለው፣ አንድ የዱር አውሬ ዕድሜውን ሙሉ መዞር በማይችልበት ሳጥን ውስጥ ሆኖ ለእኔ አንገት ማሟሟቂያ መፋቁ አይዋጥልኝም። ግን ደግሞ የወዳጄ አባት ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚያው ቀንድ ነው። ሁለቱንም ይዤ ነው ብልቃጧን በቁጠባ የምጠቀመው፤ ስታልቅ ሌላ አላስመጣም ብያለሁ።

ከተሞከሩት ሁሉ እኔ ገላ ላይ የተሳካው እንግዲህ ሰንደል ነው። ያለ ዝባዱም ይሆናል። አይጮህም፣ ጠዋትም ማታም ያው ነው፣ ሚኒባስ ውስጥ ማንም ወንበር ሥር አላየም። ባለቤቴ ግን ትበልጠኛለች፤ ወይባ ሞቃ በወጣች ለት አንዲት ጠብታ ሰንደል ከጆሮዋ ጀርባ ስታደርግ ጢሱና ዘይቱ ተስማምተው የሚሠሩትን ሥራ የትኛውም የፈረንሳይ ብልቃጥ አይሠራውም። ይህን ለሐጂ ስነግራቸው ጢማቸውን ዳበስ አድርገው፣ «እሱን እኔ አልሸጥም» አሉኝ።

ቢሮ ደግሞ አንድ የሒሳብ ክፍል ባልደረባዬ ሰንደሌን ወደደልኝ። ስሙን ጠየቀ፣ ሱቁን ጠየቀ፣ ቅዳሜን ሳይጠብቅ ሄዶ ከሐጂ እጅ፣ ከዚያው ጠርሙስ አስቀዳ። በማግስቱ ከምሳ በፊት የክፍሉ መስኮቶች ተከፍተው አየኋቸው። ከሰዓት ላይ ብልቃጡን ጨብጦ መጣ።

«የሰጡኝ ሌላ ነው።»

ብልቃጦቹን አሸተትን፤ አንድ ናቸው። አንጓችንን አጠጋጋን፤ የእኔ እንጨት ነው፣ የእሱ ኮምጠጥ ያለ፣ አሁን የጠፋ ኩራዝ ነው። ደጋግመን ስናሸት ያየችን ጸሐፊ የፈለገችውን ታስብ።

«ምን ቀላቅለህበት ነው?» አለኝ በጥርጣሬ።

«ምንም።»

«በቃ ውሰደው። ገንዘቡንም አልፈልግም። ብቻ ሐሙስ ስብሰባ አለን፣ ተቀብተህ አጠገቤ እንዳትቀመጥ፤ ያናድደኛል።»

ብልቃጡን ቤት ይዤ ገባሁ። ባለቤቴ ሁለት አንድ ዓይነት ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ ስታይ፣ «ለአንድ አንገት ሁለት ምን ያደርጋል? አንዱን እንደ ሰዉ መኪና ውስጥ አንጠልጥለው» አለችኝ።

«መኪና የለንማ!»

«ሽቶውማ አለ» አለች።